ሰሌዳው ጣርማ በር ላይ

ከደብረ ብርሃን የተሳፈርንበት ሚኒባስ የጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ቆመ። አንድ የጭነት መኪና ውስጥ ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቷል። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጭጋጉ የፊተኛውን መኪና መብራት ውጦታል፣ ብርዱንም ጋቢ አልመከተውም።

ማግኔት ያላትን ትንሽ የቼዝ ሰሌዳዬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ከጎኔ የተቀመጡት ጡረተኛ መምህር የገብስ ቆሎ አዘገኑኝና «ማን ከማን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«የቼዝ ጌቶቹ ካስፓሮቭ ከቶፓሎቭ ነው ጋሼ፤ ነጩ የካስፓሮቭ፣ ጥቁሩ የቶፓሎቭ፤ ኔዘርላንድስ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. በተካሄደ ውድድር ላይ የተጫወቱት።»

እስከ 23ኛው እርምጃ ቶሎ ቶሎ አሳለፍኩላቸው። በ24ኛው ካስፓሮቭ ሰሌዳው መካከል ላይ ያለ ወታደር በግንቡ በላ። ግንቡን ጥቁሩ ወታደር በነጻ ሊበላው ይችላል። «እኔ እበላዋለሁ!» አሉ መምህሩ። ቶፓሎቭም በላው። ወዲያው ሁለተኛው ግንብ ከጥቁሯ ንግሥት ፊት ተደንቅሮ ንጉሡን ቼክ አለ። ይህን ግን አትበላውም፤ ብትበላው ነጯ ንግሥት ንጉሡን ትጨርሰዋለች። ከዚያ በኋላ የጥቁሩ ንጉሥ ሠራዊቱን ትቶ እየተነዳ ወረደ፣ ወረደና ካስፓሮቭ ደጃፍ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ደረሰ። እኛም ከዚህ ዋሻ እንደወጣን የሚጠብቀን ቁልቁለት እንዲሁ ነው። ቶፓሎቭ በ44ኛው እርምጃ እጁን ሰጠ።

መምህሩ ግን አልተዋጠላቸውም። «በአባቶቻችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ ቢሆን ተራ ሳይጠብቅ ያመልጥ ነበር» አሉ። ቀልድ ነው፤ በሰንጠረዥ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የሚያንቀሳቅሱት የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ብቻ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ከዚያ ጠጠሮቹን ወደ 24ኛው እርምጃ መለሱና ግንቡን ሳይበሉ የጥቁሩን ንጉሥ በሰያፍ አንድ ቤት ወደ ፊት አወጡት። ትክክል ናቸው። ተንታኞችም ቶፓሎቭን ያድነው የነበረው ይኸው ነው ይላሉ። ለእኔ የጨዋታው ውበት እዚህ ላይ ነው፤ ካስፓሮቭ የሠዋው ግንብ ተቃዋሚው ካልጎመጀ በቀር አይሠራም ነበር።

መንገዱ ተከፍቶ ደብረ ሲና ስንወርድ ሙቀቱ ጋቢ አስጣለን። ሻይ ቤት ገብተን ከዚያችው እርምጃ ቀጠልን፤ ጥቁሩን እሳቸው ያዙ። ንግሥቶቹ ተለዋወጡ፤ እኔም ማሸነፊያ ፈልጌ አጣሁ። የሸዋ ሮቢቱ መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ እኩል ተባብለን ተነሣን።