ማፖ ቶፉ በቤት ምድጃ

የቻይና ምግብ በቤቱ ለመሥራት ሞክሮ አልሆን ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የጀመረው በኑድል ወይም በሩዝ ጥብስ ሆኖ ይገኛል። ከሁሉም የሚከብዱት ደግሞ እነሱ ናቸው። ሬስቶራንት ውስጥ ዎክ (ጎድጓዳው የቻይና መጥበሻ) የሚጣድበት የጋዝ ምድጃ 30 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ኃይል አለው፤ የቤቱ ጋዝ ትልቁ እሳት ከ3 እስከ 5 ኪሎዋት፣ የኤሌክትሪኩ ምድጃ 2 ኪሎዋት ቢሆን ነው። ግማሽ ኪሎ ኑድል የቤት መጥበሻ ላይ ሲገለበጥ ብረቱ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ከአትክልቱ የሚወጣው ውሃ ቶሎ አይተንም፣ ጥብስ የተባለው በራሱ ውሃ ይቀቀላል። አብሳዩ ጣዕም የጎደለው በሶይ ሶስ ማነስ ይመስለውና ይጨምርበታል፤ የሚያተርፈው ጨው ብቻ ነው።

እኔ ለቤት ምድጃ የማስቀድመው ማፖ ቶፉን ነው፤ ቶፉ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋው አይብ መሰል ምግብ፣ ከተፈጨ ሥጋ ጋር በቀይ በሚያቃጥል መረቅ የሚሠራበትን የቻይና ወጥ። ኃይለኛ እሳት አይፈልግም፤ እንዲያውም እሳት ከበዛበት ይመርራል። የሚፈልገው ቅደም ተከተል ነው፦ ዘይቱ መቼ እንደሚቀላ፣ ውሃው መቼ እንደሚገባ፣ መረቁን የሚያወፍረው ስታርች ስንት ጊዜ እንደሚፈስ። ወጥ ሲያቁላላ የኖረ እጅ ይህን ለመያዝ አይቸገርም።

መነሻው የሲቹዋን ግዛት ዋና ከተማ ቼንግዱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዓመት 1862 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቦታው ከከተማዋ በስተሰሜን ዋንፉ ድልድይ አጠገብ የነበረው የቼን ቤተሰብ ምግብ ቤት ነው። ከደንበኞቹ መካከል ዘይት ተሸካሚዎች ነበሩበት ይባላል፤ ሳህኑ ላይ ቀይ ዘይት መንሳፈፉን አይቶ “ምነው ዘይቱ በዛ” የሚል ካለ፣ ምግቡ ሲፈጠርም እንደዚያው ነበር። በቼንግዱ የሚገባበት ሥጋ የበሬ ነው። ውጭ አገር በአሳማ ሥጋ ሲቀርብ አይቶ “ይህ የእኛ አይደለም” ብሎ የተወው ሰው ካለ ሊመለስበት ይችላል።

ቶፉው ለስላሳ መሆን አለበት፤ ማንኪያ ሲነካው እንደ እርጎ የሚፈርሰው ዓይነት ግን ለጀማሪ አይመከርም። ጠጣሩ ቶፉ ደግሞ መረቁን አያስገባም፤ ውጪው ቀልቶ ውስጡ ነጭና ባዶ ሆኖ ይቀራል። 450 ግራም በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር እየሆነ ይቆረጥና 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ተጨምሮ፣ ውሃው ሊፈላ ሲል እሳቱ ተቀንሶ፣ ሳይንተከተክ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይቀመጣል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ጨዋማው ሙቅ ውሃ የአኩሪ አተሩን ጥሬ ሽታ ያወጣል፣ ውስጡን ያሞቃል፣ ዳሩን ትንሽ ያጠነክርና በኋላ እንዳይበታተን ያደርገዋል። ቀዝቃዛ ቶፉ በቀጥታ መረቁ ውስጥ ከገባ ውሃውን የሚለቀው እዚያው ነው፤ ወጡ ቀጠነብኝ የሚባለውም ከዚህ ይመጣል።

ቶፉ የማይገኝበት ቦታ አኩሪ አተር አይጠፋም። 250 ግራም አኩሪ አተር ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት በ2 ሊትር ንጹሕ ውሃ በብሌንደር ተፈጭቶ በጨርቅ ይጨመቃል። ወተቱ ሲጣድ 80 ዲግሪ አካባቢ ላይ አረፋው በአንድ ጊዜ ይነሳና ከድስቱ ሊገነፍል ይደርሳል። ይህ ገና መፍላቱ አይደለም። ፈላ ተብሎ እዚህ ላይ የወረደ የአኩሪ አተር ወተት ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል፤ ጥሬው ፍሬ ውስጥ ያሉት የምግብ መፈጨትን የሚያውኩ ንጥረ ነገሮች በደንብ ካልፈላ አይጠፉም። እሳቱን ቀንሶ፣ አረፋውን ገፎ፣ በትክክል ከተንተከተከ በኋላ 10 ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እዚያ 15 ደቂቃ ይሁን። ከዚያ ወርዶ ወደ 80 ዲግሪ ሲመለስ፣ ለምግብ የተዘጋጀ ካልሲየም ሰልፌት 2 የሻይ ማንኪያ በግማሽ ስኒ ውሃ በጥብጦ ማፍሰስ፣ አንዴ ብቻ ማማሰል፣ ከድኖ ለ15 ደቂቃ አለመንካት። ካልሲየም ሰልፌት ጀሶ ነው፤ የግንባታውን ጀሶ ግን ማንም እንዳይሞክረው፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ካልተገኘ 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂም ያረጋዋል፤ ግን ጠንከር፣ ሸካራና ኮምጠጥ ያለ ይወጣል። የረጋው በጨርቅ ላይ ተጨልፎ 1 ኪሎ የሚያህል ነገር ይጫነውና 15 ደቂቃ ይቆያል። ብዙ ከተጫነው ለማፖ የማይሆነው ጠጣሩ ቶፉ ይሆናል።

የዚህ ምግብ ልቡ ዶውባንጂያንግ የሚባለው ድልህ ነው። የሚሠራው ከባቄላ፣ ከቀይ ቃሪያ፣ ከጨውና ከስንዴ ዱቄት ሲሆን፣ ስመ ጥሩው የቼንግዱ ክፍል ከሆነችው ከፒሺያን ይመጣል። በጋን ውስጥ ሆኖ ፀሐይ ሲሆን ክዳኑ ይከፈትለታል፣ ይማሰላል፣ ዝናብ ሲመጣ ይከደናል፤ ይህ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይዘልቃል። ደማቅ ቀይ የሆነው ወጣት ነው፤ ወደ ቡናማ የዞረው ያረጀና ጣዕሙ የጠለቀ ነው። ሁለቱ ሲገኙ እኩል መቀላቀሉ ይመረጣል፣ አንዱ ለቀለም አንዱ ለጣዕም። የቻይና ወይም የእስያ ሸቀጥ የሚሸጡ መደብሮች ይይዙታል።

በምን ልተካው ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ አይተካም። እኛም ከባቄላ ዱቄት የምናቦካው ስልጆ አለን፣ ግን በቀናት የሚደርስና በሰናፍጭ የሚታሽ ሌላ ነገር ነው። የተቀመመ በርበሬም አይሆንም፤ ኮረሪማውና በሶብላው ሳህኑን ወደ ሌላ አገር ይወስዱታል። ያልተቀመመ የዛላ በርበሬ ዱቄት ግን ከድልሁ ጋር ለሚጨመረው ደረቅ ቃሪያ ዱቄት ጥሩ ምትክ ነው። ቀለሙ ጥልቅ ነው፣ ማቃጠሉም ልክ ነው። ሚጥሚጣ ከሆነ እጅን መሰብሰብ ነው።

ለ450 ግራም ቶፉ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ 100 ግራም የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ተኩል በደቃቁ የተከተፈ ዶውባንጂያንግ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዶውቺ (ጨው ገብቶበት የቦካ ጥቁር አኩሪ አተር)፣ 1 የሻይ ማንኪያ የዛላ በርበሬ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ዝንጅብል፣ ያንኑ ያህል ነጭ ሽንኩርት፣ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ወይም ቅመም የሌለው የሥጋ መረቅ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ እግር ባሮ ሽንኩርት። ጨው አልረሳሁም፣ አይገባም። ድልሁም ዶውቺውም ሶይ ሶሱም ጨው ናቸው። በቼንግዱ የሚጠቀሙት ከተቆላ የጎመን ዘር የተጨመቀውን ዘይት ነው፤ እሱ ከተገኘ እስኪጤስ ተግሎ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ነው ሥራ የሚጀመርበት፣ አለዚያ ጥሬ ሽታው አይለቅም። ሌላው ዘይት መጤስ አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ሥጋው ብቻውን ይጠበሳል። እዚህ ላይ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይጠቅማል። ሥጋው ውሃውን እስኪጨርስ ድረስ ድምፁ እርጥብ ሹክሹክታ ነው፤ ውሃው ሲያልቅ ወደ ጥርት ያለ ፍንጥቅጣቄ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቆይና ፍርፍሩ ቡናማና ደረቅ ሲሆን ይወጣል። ለስላሳ ሆኖ የቀረ ሥጋ ከለስላሳ ቶፉ ጋር ጥርስ የሚይዘው ነገር ያሳጣል።

እሳቱ ይቀነሳል። ዶውባንጂያንጉ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ በቀስታ ይማሰላል። ቀለሙ የሚወጣው በዘይት እንጂ በውሃ አይደለም፤ ስለዚህ ውሃ ቀድሞ ከገባ ምንም ያህል ቢንተከተክ ወጡ አይቀላም። በእኛ ቁሌት ሽንኩርቱ በትዕግሥት እየደረቀ ቆይቶ ነው ዘይት የሚያየው፣ በርበሬውም ገብቶ በውሃ ጠብታ እየተጠበቀ ረጅም ሰዓት ይቁላላል። እዚህ ሥራው በዘይት ተጀምሮ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ድልሁ በጎኑ ትናንሽ አረፋ እያወጣ ዘይቱ የጠራ ቀይ ከሆነ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነው። ዘይቱ ወደ ቡናማ ከዞረና ሽታው አፍንጫ ከያዘ አሯል፤ ያኔ ውሃም ስኳርም አያድነውም፣ ደፍቶ እንደገና መጀመር ይሻላል። ቀጥሎ ዶውቺ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ለግማሽ ደቂቃ። የበርበሬው ዱቄት ከሁሉም በኋላ ለአሥር ሰከንድ ያህል ብቻ፤ እርጥበት ስለሌለው ከድልሁ ቀድሞ ያርራል። ወዲያው ውሃው ይከተላል።

ከሙቅ ጨዋማው ውሃ የተጠለለው ቶፉና የተጠበሰው ሥጋ ይገባሉ፣ ሶይ ሶሱና ስኳሩም። በማማሰያ ማገላበጥ የለም። ጭልፋው ጀርባውን ሰጥቶ ከጠርዝ ወደ መሐል በቀስታ ይገፋል፣ ወይም መጥበሻው ራሱ ይወዘወዛል። በመካከለኛ እሳት 5 ደቂቃ።

ስታርቹ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። 1 የሾርባ ማንኪያ የድንች ስታርች በ3 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ በሙቅ ውሃ ከተበጠበጠ ይጓጉላል። የሚፈሰው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ጊዜ ነው፣ በየመሐሉ ግማሽ ደቂቃ እየተሰጠው። ቶፉ በሙቀት ውሃ መልቀቁን አያቆምም፤ የመጀመሪያው መረቁን ሲይዝ ቶፉ እንደገና ውሃ ይለቃል፣ ሁለተኛው እሱን ይይዛል፣ ሦስተኛው የቀረውን። በአንዴ የተደፋው መጀመሪያ ላይ ወፍሮ ያታልልና ገበታ ላይ ሲደርስ ሥሩ ውሃ ይቋጥራል። በየጊዜው ከመፍሰሱ በፊት መልሶ መበጥበጥ አይረሳ፣ ስታርቹ ሥር ይቀመጣል። የበቆሎ ስታርችም ይሠራል፣ መልኩ ግን ደብዘዝ ያለ ነው። ባሮ ሽንኩርቱ ከሦስተኛው በፊት ይገባል። መረቁ ቶፉው ላይ ሲጣበቅና ቀይ ዘይቱ ከዳር ሲለይ ይወርዳል።

አፍ የሚያደነዝዘው ቅመም ኋጂያኦ ነው፣ የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ የሚሉት። ከቁንዶ በርበሬ ጋር ዝምድና የለውም፤ ከሎሚና ከጤና አዳም ጋር ነው አንድ ቤተሰብ የሆነው፣ ሽታውም ያንን ያሳብቃል። የሚፈለገው ቀዩ ቅርፊት ነው። ውስጡ ያለው ጥቁር ፍሬ ጣዕም የለውም፣ ጥርስ ላይ አሸዋ ይሆናል፤ ተለቅሞ ይጣላል። ቅርፊቱ በደረቅ መጥበሻ በትንሽ እሳት ለ3 ደቂቃ ያህል ታምሶ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ይነፋል። ከጠቆረ ይመርራል። 1 የሻይ ማንኪያ የሚሞላው ዱቄት ወጡ ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ ነው የሚነሰነሰው፤ ከተንተከተከ መዓዛው በእንፋሎቱ ይሄዳል። ከመግዛት በፊት አንዷን ቅርፊት ምላስ ላይ ማድረግ ነው፦ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ምላስ ካልነዘረ ዕቃው አርጅቷል።

ለጾም ከሥጋው በስተቀር የሚወጣ ነገር የለም። በሥጋው ፋንታ 6 የደረቀ የሺታኬ እንጉዳይ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ፣ ደቅቆ እስኪደርቅ ይጠበሳል፤ የተዘፈዘፈበት ውሃ ዝቃጩ ተትቶ በመረቁ ቦታ ይገባል። አንዳንዱ የታሸገ ሶስ የዓሣ ወይም የዶሮ ንጥረ ነገር ይኖርበታልና ጥቅሉን ማንበብ አይከፋም። በእኔ አፍ የጾሙ ከፍስኩ ብዙም አያንስም።

የሚበላው ምንም ካልተጨመረበት ነጭ ሩዝ ጋር ነው። ሩዙ ቅቤም ጨውም ካገኘ የወጡን ኃይል መሸከም ያቅተዋል። የተረፈው በመጥበሻ በትንሽ እሳት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ ተደርጎበት ይሞቃል፣ ኋጂያኦው እንደ አዲስ ይነሰነስበታል። ፍሪዘር ውስጥ አይገባም፤ የቀዘቀዘ ቶፉ ሲቀልጥ ቀዳዳ በቀዳዳ ስፖንጅ ይሆናል። ኋጂያኦው ግን ሳይፈጭ፣ አየር በማያስገባ ብልቃጥ ሆኖ ፍሪዘር ውስጥ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ በየጊዜው ለአንድ ገበታ የሚበቃው ብቻ እየወጣ ይታመሳል።