ከቀብድ በፊት ቀያሽ

ቤት ልገዛ ስል ደላላው «ካርታው ንጹህ ነው» አለኝ። አልዋሸም። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ማዘጋጃ ቤት ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ግን ካርታው ላይ ያለው ቦታና አጥሩ የከበበው ቦታ አንድ ናቸው ወይ? ይህን ወረቀቱን ዐሥር ጊዜ ብታገላብጡት አይነግራችሁም።

ቤቱ ጎንደር፣ አዘዞ በኩል ነው። ሻጩ ጡረታ የወጡ ጨዋ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ቀብድ ከመስጠቴ በፊት ቀያሽ ላምጣ፤ ቅር ይልዎታል?» አልኋቸው። «ምን ቅር ይለኛል፤ መሬቱ እንደሁ አይሸሽ» አሉኝ። ደላላው ግን ፊቱን አጠቆረ። ሌላ ገዢ እንዳለ ነገረኝ። ሌላ ገዢ የሌለው ደላላ እስካሁን አላየሁም።

ከቀብድ በፊት ያልኩት በምክንያት ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ጉድ ካለ ገንዘቡ ኪሴ ውስጥ እያለ ልስማው ብዬ ነው።

ካርታው ላይ ለእያንዳንዱ ማዕዘን የኤክስና የዋይ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ አስገብታችሁ ሰው ማሳ ላይ ቢያሳርፋችሁ አትደንግጡ። የእኛ አገር ካርታዎች በብዛት የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ነው። የስልኩ መነሻ ሌላ ነው። ልዩነቱ 200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቀያሹ ግን ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የቅየሳ መሣሪያ ተክሎ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ አወጣና ችካል መታባቸው። ጎረቤቶቹም ቆመው እንዲያዩ ጠርተናቸው ነበር። ነገ ወሰን ተነካ የሚል ክርክር ቢነሳ ምስክር የሚሆኑት እነሱ ናቸው።

ካርታው 200 ካሬ ይላል። አጥሩ የያዘው 221 ነው። ትርፉ ከጓሮ በኩል ነው፤ ማድ ቤቱም አብዛኛው እዚያ ላይ አርፏል። አጎቴ ይህን ሲሰማ «በነጻ አገኘህ በለኛ!» አለኝ። ነጻ አይደለም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ሻጩ ሊያስተላልፉልኝ የሚችሉት ቤቱንና በካርታው የተሰጣቸውን ይዞታ ብቻ ነው። ዋጋው የተጠራው ግን በአጥሩ ልክ ነበር። በዚያ ላይ የከተማውን ፕላን ሳስጠይቅ መንገዱ ሲሰፋ የፊት አጥሩ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ ተነገረኝ።

ቀያሽ የማያየው ደግሞ ግድግዳውን ነው። አዘዞ ሜዳው ላይ ዋልካ አፈር አለ። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ይዞ ይንቀሳቀሳል። ከመስኮቱ ጥግ ሰያፍ የወረደ ስንጥቅ ስላየሁ መሐንዲስ ወሰድኩ። ስንጥቁ ላይ ጄሶ ለጥፎ ቀን ጻፈበት። ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው ማለት ነው። ደግነቱ ሳይሰነጠቅ ቆየ። ጥፋቱ የጣሪያው ውኃ ነው አለ፤ አሸንዳ ስለሌለው መሠረቱ ሥር ይወርዳል።

የቅየሳውን ወረቀትና የመሐንዲሱን ማስታወሻ ይዤ ጋሼ ዘንድ ተመለስኩ። ክርክር አልነበረም፤ ቁጥር ቁጥር ነው። ዋጋው በ200 ካሬ ተሰላ። የአሸንዳውና የውኃ መውረጃው ወጪም ተቀነሰ። ማድ ቤቱ ነገ ሊፈርስ ይችላል ብዬ ምንም ዋጋ አልሰጠሁትም። ውሉ ላይ ስፋቱ በካርታው መሠረት ተጻፈ፣ የማዕዘኖቹ ቁጥርም ገባ። የመጨረሻው ክፍያ ስሙ ወደ እኔ ሲዞር እንዲሆን ተስማማን። ደላላው ኮሚሽኑን በመጀመሪያው ዋጋ ሊያሰላ ሞክሮ ነበር፤ እሱን ጋሼ ራሳቸው መለሱልኝ።