መሽከርከሩ ለቀቀኝ ፍርሃቱ ግን አለ

አገር ቤት ያለች ጓደኛዬ ሰሞኑን በቴሌግራም «ደሞ አሜሪካ ሆነሽ ምን ያዞርሻል፣ በደንብ አትበዪም እንዴ?» አለችኝ። በፍቅር እንዳለችው አውቃለሁ፣ ግን ከልቤ አልወጣ አለ።

የኔ ቨርቲጎ የሚሉት፣ ዙሪያው ሁሉ የሚሽከረከርበት ማዞር ነበር። አልጋ ላይ ስገላበጥ ጣሪያው ከነግድግዳው ይሽከረከራል፣ ያስመልሰኛል። ሐኪሟ አንገቴን ወደ ጎን አዙራ በጀርባዬ ድንገት አስተኛችኝና አይኔ ሲርገበገብ አይታ የውስጥ ጆሮ ደቃቅ የካልሲየም ጠጠሮች ከቦታቸው ወጥተው ነው አለች። ኢፕሊ በሚባለው ዘዴ ጭንቅላቴን እያገላበጠች መለሰቻቸው፣ ያለ መርፌ ያለ ክኒን፣ በደቂቃዎች። እዚ ላይ ፈረንጆቹን አደንቃለሁ።

ከዛ በኋላ የሚመጣውን ግን ማንም አልነገረኝም። መሽከርከሩ ቆሞ መሬቱ ከስሬ የሚዋልል ስሜት ቀረ፣ ሱፐርማርኬት በመደርደሪያዎቹ መሃል መሄድ አቃተኝ፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ የለ፣ ሥራ መቅረት መጣ። ዊተን በሚባለው የባቡር ጣቢያ ያለውን ኤስካሌተር፣ ተንቀሳቃሹን ደረጃ፣ የሜሪላንድ ሰው ያውቀዋል፣ ርዝመቱ 70 ሜትር ነው። አንድ የሁዳዴ አርብ ከቅዳሴ ስመለስ እሱ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፣ መደገፊያውን አንቄ ቁጭ አልኩ። ፈረንጁ «ደህና ነሽ?» ብሎ መልሴን ሳይሰማ አለፈ፣ ያው ልማዳቸው ነው። ከኋላዬ ግን በጠራ አማርኛ «በጾም እንኳን አትተወውም፣ ነጠላ ለብሳ!» ሲባል ሰማሁ። እህል ውሃ ሳልቀምስ የዋልኩት ሴትዮ ሰካራም ተባልኩ፣ ያውም በገዛ ወገኔ። እዚ አገር ብዙ ነገር ችያለሁ፣ ይሄኛው ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። ከዛ ቀን በኋላ ከቤት መውጣት አስጠላኝ፣ ስልክ ማንሳት ራሱ ተውኩ።

ዘመድ ሁሉ ጸበል ጸበል አለኝ። ጸበሉን አምናለሁ፣ ሄጃለሁም። ግን ይሄ በኋላ የመጣው ሕመም ስም አለው፣ ፒፒፒዲ ይባላል፣ ባራኒ ሶሳይቲ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር በፈረንጅ 2017 መለያውን አውጥቶለታል፣ ሦስት ወርና ከዛ በላይ የሚቆይ የሚዛን መዋለል ነው። አንጎል ውስጥ ሚዛን የሚጠብቀውና ፍርሃት የሚያስነሳው ክፍል የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲረበሽ ሌላውንም ይረብሻል። የእምነት ማነስ አይደለም፣ እብደትም አይደለም! እኔን መልሶ በእግሬ ያቆመኝ የሚዛን ልምምድ፣ ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ የሚደረግ የሥነ ልቦና ሕክምና እና ለድብርት የሚሰጠው መድኃኒት ነው።

ወደ አሜሪካ ለመምጣት የምትዘጋጁ ስሙኝ፣ ማዞሩ ድንገት ከአፍ መንተባተብ ወይ ከአንድ ጎን መዛል ጋር ከመጣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፣ የአደጋ ጊዜ ስልክ 911 ደውሉ። ከዚህ ውጪ ግን ሐኪም ጋ ስትሄዱ ማዞሩን ብቻ ነግራችሁ እንዳትወጡ፣ ጭንቀቱንም ንገሯቸው። ሆስፒታል አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ጠይቁ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትሂዱ፣ ልጅ ፊት «መኖር አስጠልቶኛል» የምትል እናት የለችም።