የእማዬ ጥቁር አዝሙድ

እማዬ መጀመሪያ ጥቁር አዝሙድ መስሏት ነበር። በር ላይ ካወለቅኩት ጫማ ስር ትንንሽ ጥቁር ፍሬዎች ተበትነው አየች። ጎንበስ ብላ በጣቷ አነሳችና አሸተተችው። "ምን አባቱ ነው ይሄ? ጎማ ጎማ ይላል!"

ጎማ ነው አልኳት። ያረጀ የመኪና ጎማ ተፈጭቶ ሜዳው ላይ ይደፋል። ትንሽ ዝም ብላ አየችኝና "ሳሩስ?" አለችኝ።

ሳሩስ? እውነቱን ለመናገር የሰፈራችን የኳስ ሜዳ ሰው ሰራሽ ሳር እስኪነጠፍበት ድረስ ሳር የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም። "የተፈጥሮው ሳር በሰው ሰራሽ ሳር ተተካ" የሚል ነገር ስሰማ ሳቄ ይመጣል። ክረምት ሲገባ ዳር ዳሩን ያበቅል ነበር፣ ጥግ ላይ ሁለት ሶስት በግ ይታሰርበት ነበር፣ መሀሉና ጎሉ ፊት ግን አፈር ብቻ ነበር። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። የሀዋሳ ልጅ አፈሩን ያውቀዋል፤ አመድ የሚመስል ቀላል ነገር ነው፣ ነፋስ ሲነሳ በረኛው የራሱን ጎል አያይም። ማታ ቤት ስንገባ እስከ ጉልበታችን ነጭ ካልሲ ያደረግን ነበር የምንመስለው።

እንደዚህ ባለ ቦታ ያደገ ሰው ሜዳ አይመርጥም። በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስንበቃ ከዛምቢያ ጋር የተጫወትንበትን የደቡብ አፍሪካውን የኔልስፕሩት ሜዳ ታስታውሳላችሁ? ለዓለም ዋንጫ የተሰራ ስታዲየም ነው፣ ግን ሳሩ ተበላሽቶ አሸዋ ሞልተውበት ነበር፣ ተጫዋች በሮጠ ቁጥር አሸዋው ይረጫል። በረኛችን በቀይ ወጥቶ፣ በ10 ሰው ሆነን፣ በዚያ ሜዳ ላይ አቻ ያደረገችንን ጎል ያገባው የሀዋሳው ልጅ አዳነ ግርማ ነው። እኛ ቴሌቪዥን ፊት ሆነን "እሱማ ቤቱ መስሎት ነው" እያልን እንስቅ ነበር።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ሜዳው አርቴፊሻል፣ ማለትም ሰው ሰራሹ ሳር፣ ሊነጠፍበት ነው ሲባል ፊርማ ካሰባሰቡት አንዱ እኔ ነኝ። አንድ የሰፈራችን የድሮ ተጫዋች አልፈርምም ብለው አስቸገሩኝ። "ኳስ በሳር ነው፤ ሳር ይተከልና ይጠበቅ" አሉኝ። እኔም ቁጭ ብዬ ሂሳቡን አሰላሁላቸው። ደህና ተንከባካቢ ያለው የተፈጥሮ ሳር እንኳ ሳይላጥ የሚችለው ቢበዛ በሳምንት 20 ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ከተረገጠ ማረፍ አለበት። የእኛ ሜዳ ደግሞ መቼ ያርፋል? ጠዋት ስፖርት የሚሰሩ ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ ረፋዱ ላይ ከሰዓት ፈረቃ የሚማሩ ልጆች፣ ከሰዓት በኋላ የሰፈር ቡድን፣ አመሻሹ ላይ ከስራ የወጣ ሁሉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት 84 ሰዓት! የትኛው ሳር ይችለዋል? ውሃውስ? በበጋ ቧንቧ መጣ አልመጣ ብለን ሌሊት ጆሯችንን ቀስረን የምናድር ሰዎች ሜዳ ልናጠጣ ነው? ሰውየው ዝም አሉ። ፈረሙ። ግን በደስታ አልነበረም።

አነጣጠፉን ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ነው ያየው። ቡና ያፈሉ ሁሉ ነበሩ። መጀመሪያ አፈሩን ቆፍረው አወጡት፣ ጠጠር ሞልተው ደመደሙት፣ ለዝናብ ውሃ መውረጃ ቱቦ ቀበሩ። ከዚያ ሳሩ በጭነት መኪና መጣ፣ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ። እየዘረጉ ጠርዝና ጠርዙን ከስር በማጣበቂያ አያያዙት። የገረመኝ መስመሩ ነው። እኔ የሚቀባ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አረንጓዴውን ቆርጠው አውጥተው ነጭ ሳር ነው የሚተኩበት። በመጨረሻ አሸዋ ተነሰነሰ፣ ምንጣፉን ተጭኖ እንዲይዝ። ከላዩ ያ የእማዬ "አዝሙድ" ተደፋ። ሳሩ ቀጥ ብሎ የሚቆመውም፣ ስትወድቅ ትንሽ ለስለስ የሚልህም በእሱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ደስ ይል ነበር፣ ይሄን አልክድም። ኳሷ የላክሃት ቦታ ትደርሳለች። ጠጠር ነክቷት አትዞርም፣ ጉድጓድ ገብታ አትቀርም። እኔን ግን ችግር ላይ ጣለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ኳስ ባመለጠችኝ ቁጥር "ሜዳው ነው!" ብዬ እጄን እያወናጨፍኩ ነው የኖርኩት። አሁን የማሳብብበት የለም። አንድ ጓደኛዬ "ለካ አንተ ነህ እንጂ ሜዳው ደህና ነበር" አለኝ። ወዳጅነታችን አሁንም አልተመለሰም።

ሶስተኛው ሳምንት ላይ ሸርተቴ ገባሁ። ድሮ አፈር ላይ እንደምገባው። ተነስቼ ሳየው ከጭኔ ጎን መዳፍ የሚያህል ቆዳ የለም። እንደ እሳት ነው የሚያቃጥለው፤ ፕላስቲክ ላይ በፍጥነት ስትንሸራተት ሙቀቱ ራሱ ይልጥሃል። ማታ አንሶላው ቁስሉ ላይ ተጣብቆ አደረ። እማዬ ማር ቀባችኝ፣ እየቀባችም "ጎማ ላይ ተንከባለል ማን አለህ" ትለኝ ነበር። ሌላው ጓደኛችን የባሰ ነገር ገጠመው። ለሳር የሚሆነውን ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታውን አድርጎ ገባ፣ ሲዞር ጫማው ምንጣፉን ነክሶ ቀረ፣ ጉልበቱ ዞረ። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄደ፣ ኋላ ሀኪም ጅማቱ ነው አለው። ለአርቴፊሻል የሚሆነው ጥርሱ አጭርና ብዙ የሆነ ጫማ ነው። ይሄን ግን በሩ ላይ የነገረን ሰው አልነበረም።

ሙቀቱን ደግሞ ሞክሩትማ። ሳር ውሃ ስለሚያወጣ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክ አያልበውም። አየሩ 30 ዲግሪ በሆነ ቀን ፀሐይ የመታው ንጣፍ 60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የካቲት ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ገብተን አንዱ ልጅ ከጫማው ስር እንፋሎት የሚወጣ መስሎት እግሩን እያነሳ ሲመለከት ነበር። አሁን ከ10 ሰዓት በፊት አንገባም።

ሰው ሰራሽ ሳር እኮ ስም ያወጣውም በችግር ነው። አሜሪካ፣ ሂዩስተን ውስጥ አስትሮዶም የሚባል ጣሪያ ያለው ትልቅ የቤዝቦል ስታዲየም ሰሩ። ተጫዋቾቹ ብርሃን በሚያሳልፈው የጣሪያው ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ኳሷን አላሳየንም አሉና ጣሪያው ተቀባ፣ ሳሩ ፀሐይ አጥቶ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1966 የፕላስቲኩን ሳር አነጠፉ፣ "አስትሮተርፍ" የሚለው ስሙም ከስታዲየሙ ስም ወጣ። እንግሊዝ ውስጥ ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ በ1981 አነጠፈ፣ ኳሷ እንደ ቴኒስ ኳስ ትነጥር ነበር፤ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ሳይደርስ ሰው ሰራሹ ሳር ከሊጉ ጠፋ። የአሁኑ ከዚያ እጅግ ይሻላል። ቢሆንም ሆላንድ ከ2025-26 ጀምሮ ከከፍተኛ ሊጓ አስወጥታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ካናዳ ላይ የሴቶች ዓለም ዋንጫ በአርቴፊሻል ሊደረግ ሲል ተጫዋቾቹ ክስ እስከመመስረት ደርሰው ነበር። የ2026ቱ የወንዶች ዓለም ዋንጫ ግን ሁሉም ጨዋታ በተፈጥሮ ሳር እንዲሆን ነው የተወሰነው፤ አርቴፊሻል የነበራቸው የአሜሪካ ስታዲየሞች ሳይቀሩ ሳር ማስገባት ነበረባቸው። ሴቶቹ ምን ይሉ ይሆን?

እኔ ግን ይሄን ሁሉ አንብቤም በፊርማዬ አልተጸጸትኩም። ስታዲየም ሌላ ነው፤ በሳምንት አንድ ሁለት ጨዋታ ለሚደረግበት፣ አትክልተኛ ለተቀጠረለት ቦታ ሳር ይሁን። መቶ ልጅ ለሚፈራረቅበት የሰፈር ሜዳ ሳር ተክሎ "አትርገጡ" ማለት ከንቱ ነው። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው።

አንዱ ይሄ አዝሙድ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከጎሉ ኋላ እየታጠበ ወደ ቦዩ ይወርዳል። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቦዩ አፉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይከመራል። ቦዩ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ የሀዋሳ ሰው ያውቃል፣ ቁልቁል ወደ ሀይቁ። ሀይቃችን ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባ ነገር እዚያው ነው። ጎማው ደግሞ አይበሰብስም። የአውሮፓ ህብረት ይሄንኑ ፍርፋሪ ለሜዳ መሸጥ እ.ኤ.አ. ከ2031 ጀምሮ እንዲቆም በ2023 ደንብ አውጥቷል፤ ምክንያቱ ይሄው አካባቢ ላይ የሚበተነው ጥቃቅን ፕላስቲክ ነው። እኛ ቅዳሜ ሀይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደን ቆሮሶ የሚባለውን የሀይቁን ዓሣ እያስጠበስን እንበላለን። በሜዳው ዙሪያ አንድ ክንድ የማይሞላ የብሎኬት ግንብ ቢሰራ፣ ቦዩ አፍ ላይ ወንፊት ቢደረግ አብዛኛው እዚያው ይቀር ነበር። ብዙ ብር የሚጠይቅ ነገርም አይደለም።

ሁለተኛው፣ "ጥገና አያስፈልገውም" ተብሎ ነው የተሸጠልን። ውሸት ነው። ውሃ አይጠጣም እንጂ መበጠር አለበት፣ በብሩሽ። ፍርፋሪው ከጎል ፊትና ከፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ ላይ በእግር እየተገፋ ይሸሻል፣ እየመለሱ መሙላት ያስፈልጋል። የእኛ ሜዳ እስካሁን ብሩሽ አልነካውም። ጎሉ ፊት ሳሩ ተኝቷል፣ ከስር የምንጣፉ ጀርባ መታየት ጀምሯል። ላዩ ላይ የሱፍ ገለባ፣ ማስቲካ፣ የሲጋራ ቁራጭ። በደንብ የተያዘ ንጣፍ 10 ዓመት ገደማ ነው ዕድሜው፤ በዚህ አያያዝ የእኛው ስንት እንደሚቆይ እንጃ።

ሶስተኛው አጥሩ ነው። አርቴፊሻሉ ሲመጣ የሽቦ አጥር መጣ፣ አጥሩ ሲመጣ በር፣ በሩ ሲመጣ በሰዓት የሚከፈል ኪራይ። እኛ ደመወዝተኞቹ ሀሙስ ማታ መብራት በርቶልን እንጫወታለን፣ ለ14 ሲካፈል ከሁለት ማክያቶ ዋጋ አይበልጥም። ፊርማ ስናሰባስብ "ለልጆቹ" ነበር ያልነው። ልጆቹ አሁን ከአጥሩ ውጭ፣ የተቆፈረው አፈር በተደፋበት ላይ፣ ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገው ይጫወታሉ። ያው የድሮው ሜዳ አፈር ነው እኮ! ኪራዩ ለጥገና ነው ተባልን። ብሩሹን እየጠበቅን ነው። ከትምህርት በኋላ ሁለት ሰዓት ለልጆች በነጻ ይከፈት ብለን ሶስት ሆነን ሄደን ጠየቅን። "እናየዋለን" ተባልን። ያኔ በግድ የፈረሙት ሰውዬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ምንም አይሉኝም፣ በአገጫቸው ወደ አጥሩ ያሳዩኛል ብቻ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን አንድ ነገር አየሁ። ከማዕዘን ምቱ ኋላ ሽቦው ከስሩ ተነስቷል፣ አንድ ቀጭን ልጅ በደረቱ ተስቦ የሚያልፍበት ያህል። ወደ 9 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ተከራይ በሚያባርርበት ሰዓት፣ ስምንት ልጆች ውስጥ ነበሩ፣ ግማሾቹ ንጣፉ እግራቸውን እያቃጠላቸው በካልሲ ይዘላሉ። ጥበቃው ጋሼ ወንበራቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ራዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰላም አልኳቸው። "ዛሬ ጭር ብሏል" አሉኝ ዞር ሳይሉ። "አዎ ጋሼ፣ ጭር ብሏል" አልኩ። እናንተም አልሰማችሁም።