ታች ሰው ይጠጣል

ዛሬ እስከ ሐይቅ ከተማ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር ወደ አርድቦ ሐይቅ ወጣን። መስከረም ገና መግባቱ ነው። ዳገቱ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፤ መንገዱ ግን ጭቃ ነው።

ጓደኛዬ ከአርድቦ በሚወጣው ወንዝ ጫማውን ሊያጥብ ቁጭ ሲል፣ ውሃ የሚቀዱ አንዲት እናት አዩት።

"አይ ልጄ፣ እዚያ አይደለም። ታች ሰው ይጠጣል።"

ቁጣ የለበትም ድምፃቸው። የሞሉትን ጀሪካን ይዘው ከዳር ራቅ አሉና ሣሩ ላይ ቆሙ። "ና፣ እኔ አፈስልሃለሁ።" ለእንግዳ እጅ እንደሚያስታጥቡ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ እያደረጉ አፈሰሱለት። "ኧረ እናቴ፣ ይተዉት" ቢላቸው "አብሽር" ብለው ቀጠሉ። ጭቃው ሣሩ ውስጥ ቀረ። እሳቸውም ተመልሰው እንደገና ቀዱ።

የአርድቦ ውሃ ቁልቁል ወርዶ፣ ስሙም "ሐይቅ" ወደሚባለው ሐይቅ ይገባል። ከሐይቅ ደግሞ የሚወጣ ወንዝ የለም። እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ ዓሣ የሚጠመድበት ያ ውሃ ከላይ የተለቀቀለትን ሁሉ ይቀበላል።

ማታ ደሴ ስንገባ ድልድዩ ላይ ቆሜ ቦርከናን አየሁት። ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ዳይፐር። ልቤ አዘነ። ይኸው ወንዝ እኮ ነው ኮምቦልቻ የሚወርደው፤ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይለማበታል። ኮምቦልቻ አክስት የሌለው የደሴ ልጅ አለ እንዴ?

ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈር ልጆች ጋር ድልድዩ ሥር ያለውን ልንለቅም ነው። መምጣት የምትችሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጓንትና ማዳበሪያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።