«እልኸኛ ናት» የተባለችው ተማሪ

ልጅቷ ወደ እኔ የመጣችው ከነክሷ ነው። «አንድ ቀን ትታዘዛለች፣ በማግስቱ ቢጠሯት ቢጠሯት ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። እልኸኛ ናት» አለችኝ የክፍሏ መምህርት። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ተማሪ የሞላበት ክፍል ይዛ የምትታገል ሰው ናት። የልጅቷ ፋይል ላይ «ዳውን ሲንድረም» ተብሎ ተጽፏል፤ አብሮ የሚወለድ፣ የልጅን እድገትና ትምህርት የሚያዘገይ የዘረመል ሁኔታ ነው። እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከተጻፈ ሁሉን ነገር የገለጸ ይመስላል። ንግግሯ ዘገየ? ዳውን ሲንድረም ነዋ! አልታዘዝ አለች? ያው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምክንያት የሚፈልግ የለም።

እኛ የልዩ ፍላጎት መምህራን ባህርይ የምንመዘግብበት ባለሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ አለን፦ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ከዚያስ ምን ተከተለ። ብዙ ሰው መሃለኛውን ሞልቶ ይነሳል። ቁም ነገሩ ግን የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ነው ያለው። ክፍሉ ጥግ ተቀምጬ ስመዘግብ፣ መምህርቷ ፊቷን ወደ ተማሪዎቹ አድርጋ ስትናገር ልጅቷ የተባለችውን ታደርጋለች። ወደ ሰሌዳው ዞራ እየጻፈች «ደብተር አውጡ» ስትል ግን ንቅንቅ የለም። ጥቂት ቆይታ አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጅ ሰረቅ አድርጋ ታይና ደብተሯን ታወጣለች። ያመፀ ልጅ ከጎኑ ካለው አይኮርጅም።

በዕረፍት ሰዓት ከኋላዋ ቆሜ በመደበኛ ድምፅ ስሟን ጠራሁ። ዝም። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና ጠረጴዛው ላይ ኳስና እርሳስ አስቀምጬ፣ አፌን በወረቀት ጋርጄ፣ ወደ ዕቃዎቹ ሳላይ «ኳሷን ስጪኝ» አልኳት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ፣ ፈገግ አለች፣ እርሳሱን ሰጠችኝ። ወረቀቱን አንስቼ ያንኑ ስደግመው እጇ በቀጥታ ወደ ኳሷ ሄደ።

ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ከጉሮሮ ወደ ጆሮ የሚወስደው ቱቦ ስለሚጠብባቸው፣ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ መጠራቀሙ በጣም የተለመደ ነው። ጉንፋን ሲይዛቸው ይብሳል፣ ሲለቃቸው ይሻላል፤ መስማታቸውም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። «አንድ ቀን ትታዘዛለች፣ በማግስቱ አትታዘዝም» የሚለው ክስ መልሱን በሆዱ ይዞ ነበር። እናቷን ሳነጋግራቸው «ቲቸር፣ ቴሌቪዥኑን እስከ ጥግ ትከፍተዋለች፤ እኛ እኮ ረብሻ መስሎን ነበር» አሉኝ። ምርመራው በሁለቱም ጆሮዋ ፈሳሽ እንዳለ አሳየ። ሕክምናው የሐኪሞች ጉዳይ ነው።

የእኛ ሥራ ክፍሉ ውስጥ ነበር። በግል የትምህርት ዕቅዷ ላይ «ትእዛዝ ታከብራለች» የሚል ግብ ተጽፎ ነበር፤ ይህ ግብ ሳይሆን ምኞት ነው። በምትኩ «ፊት ለፊት የተነገራትን ሁለት ተከታታይ መመሪያ ከ5 ጊዜ 4ቱን ትፈጽማለች» ብለን ጻፍን። ከበሩ ጫጫታ አርቀን ከፊት አስቀመጥናት። እነዚህ ልጆች በአብዛኛው ከሰሙት ይልቅ ያዩትን ስለሚይዙ፣ የቀኑን ሥራ ቅደም ተከተል በሥዕል ካርድ ሰሌዳው ጎን ለጠፍን። ለመምህርቷ የከበዳት ካርዱ ሳይሆን ዝምታው ነው፦ አንዴ ተናግሮ፣ ልጅቷ የሰማችውን እስክታብላላ ሳይደግሙ መጠበቅ። እውነት ለመናገር ለማንኛችንም ቀላል አይደለም፤ መምህር ዝም ሲል ሥራ የፈታ ይመስለዋል።

ካርዱ «ሌሎቹን ያዘናጋል» ተብሎ ተፈርቶ ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ሌላ ልጅ ግን ከእሷ በላይ ይጠቀምበት ጀመር፤ «ቀጥሎ ምንድን ነው?» እያለ መጠየቁንም ተወ።

በነገራችን ላይ ልጅቷ እልኸኛም ናት። የወደደችውን መጽሐፍ ከእጇ ለማስለቀቅ የሞከረ ያውቀዋል። ያንን ግን ዕቅዱ ውስጥ አልጻፍነውም፤ የእኩዮቿም እልህ ከዚያ አያንስም።