ሦስት ጥምዞችን ወደ አንድ ጎን ማዞር

የኬልት (የጥንት አውሮፓ ሕዝቦች) ጥምዝ፣ ማለትም ከመሃል እየዞረ የሚሰፋ መስመር፣ ለመሳል ስነሣ መጀመሪያ ያየሁት የኒውግሬንጅን ድንጋይ ነው። በቲሸርቱም በንቅሳቱም «የኬልት» እየተባለ የሚዞረው ሦስት ጥምዝ ከዚያ የተቀዳ ነውና። ታሪኩን ሳነብ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በአየርላንድ ቦይን ሸለቆ ያለው ይህ መቃብር የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት 3200 ገደማ ነው። የኬልቶች የሚባለው የላ ቴን ጥበብ የተነሣው ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው በስዊዘርላንድ ኑሻቴል ሐይቅ ዳር ካለ ስፍራ ነው። በመካከላቸው ከ2,500 ዓመት በላይ አለ።

ለሚስል ሰው ይህ የዘመን ቆጠራ ብቻ አይደለም። የኒውግሬንጁ ጥምዝ በድንጋይ እየተቀጠቀጠ በነጻ እጅ የወጣ ስለሆነ ክቡ ክብ ለመሆን አይጨነቅም። የላ ቴን አንጥረኞች ግን ክብ መሳያውን ኮምፓስ ያውቁ ነበር። ሮማውያን አየርላንድን ስላልያዙ ስልቱ እዚያ ሳይጠፋ ቆየ፤ በኋላ መነኮሳቱ ወደ ብራና ወሰዱት። በገዳማት ስም ከሚጠሩት የወንጌል መጻሕፍት፣ የዱሮው (Durrow) በ7ኛው መቶ ዓመት፣ የሊንዲስፋርኑ በ700 ዓ.ም. አካባቢ፣ የኬልሱ በ800 ዓ.ም. ገደማ ተጻፉ (እ.ኤ.አ.)። በሊንዲስፋርኑ ገጾች ጀርባ የኮምፓስ ቀዳዳና የንድፍ መስመር እስከ ዛሬ ይታያል። ብራና በውስፌ እየወጋ መስመር የሚያሰምር የኛ ቁም ጸሐፊ ቢያየው አይገርመውም። እኔም መንገዴን ከመነኮሳቱ ጋር አደረግሁ።

አሠራሬ ይህ ነው። በ6.5 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ትልቅ ክብ ሠራሁ። ኮምፓሱን ሳላሰፋና ሳላጠብ በጠርዙ ላይ ስዞር 6 ነጥብ ወጣልኝ፤ አንዱን እየዘለልኩ ሦስቱን ከመሃል ጋር በመስመር አገናኘሁ። በየመስመሩ ላይ ከመሃል 35 ሚሊ ሜትር ለክቼ፣ እዚያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ያለው ትንሽ ክብ አስቀመጥኩ። ሦስቱ ክቦች ትልቁን ክብ ይነካሉ፤ እርስ በርሳቸውም ለመነካካት የሚቀራቸው የእርሳስ ውፍረት ያህል ነው።

ጥምዙን የሚፈጥሩት ግማሽ ክቦች ናቸው። የትንሹ ክብ መሃል አንዱ ነጥብ ነው፤ ሌላው ነጥብ ከእሱ 5 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ከራቀው ነጥብ ጀምሬ፣ ነጥቦቹን እየቀያየርኩ 5፣ 10፣ 15፣ 20፣ 25 እና 30 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ያላቸውን ግማሽ ክቦች ቀጣጠልኩ። የመጨረሻው በትክክል በትንሹ ክብ ጠርዝ ላይ ያርፋል። በዙሮቹ መካከል የቀረው 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛውን ክር፣ ማለትም የጥምዙን ሌላ መስመር፣ በዚያ መሃል ለመሃል በእጄ አሳለፍኩት። አንዱ ክር ወደ አንደኛው ጎረቤት ጥምዝ፣ ሌላው ወደ ሁለተኛው ይወጣል።

ከሁሉም የሚበልጠው ትምህርት የአዟዟሩ ነው። ሁለት ጥምዞች እንደ እባብ በተቃራኒ ጎን በሚታጠፍ መስመር ሲያያዙ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ይዞራሉ። በቅስት፣ ማለትም በአንድ ጎን ብቻ በሚታጠፍ መስመር ሲያያዙ ግን አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ መዞር አለበት። ሦስት ጥምዞችን በቀለበት ለማያያዝ ቅስቱ የማይሆነውም ለዚህ ነው፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ ካልን በኋላ ሦስተኛውና የመጀመሪያው አንድ ዓይነት ሆነው ይጋጫሉ። አራት ከሆኑ ግን ይሠራል። ስለዚህ ከጌጡ በፊት በየክቡ ላይ የአዟዟሩን ጎን የሚያሳይ ትንሽ ቀስት አሰምራለሁ፤ በኔ እይታ ከምርጥ ቀለም ይህች ቀስት ትበልጣለች።

ማያያዣው ላይ መስመሩ እንደ ጥሩንባ አፍ ይሰፋል፤ በአፉ ላይ የለውዝ ፍሬ የመሰለ ጠባብ ቅርጽ ይገባል። ይህን በኮምፓስ ለማድረግ መድከም ዋጋ የለውም፤ በእጅ ይሻላል። ቀለሙን የማፈሰው በጥምዙ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ባዶ ቦታ ነው። ያኔ መስመሩ ያልተነካ ብራና ሆኖ ይቀራል፤ እርሳሱን በላጲስ የማጠፋውም ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው።